አራት መዳፍ ላይ የቆመ አማና



ስለ መኪና ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናወራው ስለ ዋጋዋ፣ ስለ ሞዴሏና ስለምትበላው ነዳጅ ነው። መኪናዋ በምን ላይ እንደቆመች፣ ሞተሩ የሚያመነጨው ኃይል በየት በኩል አልፎ ጎማው ዘንድ እንደሚደርስ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ኪሳችን ከገባ በኋላ ደግሞ ባለችበት ይዞ የሚያቆማት ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። «ይህ የመካኒክና የሾፌር ጉዳይ ነው» ብሎ መተው የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በውስጧ የሚቀመጡት እናቶቻችን፣ ሚስቶቻችንና ልጆቻችን ናቸው። በምታልፍበት መንገድ የሚሄዱትም የሰው እናቶችና የሰው ልጆች ናቸው። ስለሆነም ጉዳዩ የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

እኛ ኮልፌ ውስጥ ዳገታማ በሆነ ሠፈር፣ በአንድ ግቢ የምንኖር ሦስት ወንድማማቾችና ቤተሰቦቻችን ነን። በግቢያችን ሁለት መኪኖች አሉ። አንደኛዋ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ማርሿ በእጅ የሚቀየር አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሁለተኛዋ አውቶማቲክ ቪትዝ ናት። ልጆችን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት፣ እናታችንን ሐኪም ቤት የሚወስዱት፣ ለዒድ ከሚሴና ኮምቦልቻ ዘመድ ዘንድ የሚያደርሱን እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ከመካከላችን መካኒክ የለም። ነገር ግን በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት፣ መኪኖቹ ከመነሣታቸው በፊት፣ ሁላችንም ሴት ወንድ ሳንል የምናያቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። በዚህ ጽሑፍ የምናካፍላችሁ እነዚያን ነው።

አራት መዳፍ

አንድ ቶን ገደማ የምትመዝን አነስተኛ መኪና መሬት የምትነካው በአራቱ ጎማዎቿ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጎማ ደግሞ አስፋልቱን የሚነካው የአንድ ጎልማሳ ሰው መዳፍ ከነጣቶቹ በሚያህል ቦታ ነው። ፍሬን ስንይዝ የሚያቆመን፣ መሪ ስናዞር የሚታጠፈን፣ ዳገት ላይ ስንቆም ወደ ኋላ እንዳንንሸራተት የሚይዘን ይኸው አራት መዳፍ ነው። ፍሬኑ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን፣ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ መዳፉ ካልያዘ ሁሉም ከንቱ ነው።

መዳፉን ትክክለኛ ቅርጹን የሚሰጠው ነፋሱ ነው። ነፋስ ሲያንስ የጎማው ሁለት ጠርዞች መሬት ላይ ይጫኑና መሐሉ ይነሣል፤ ስለዚህ ጠርዞቹ ቀድመው ያልቃሉ። ነፋስ ሲበዛ ደግሞ መሐሉ አብጦ እሱ ብቻ ያልቃል። ጎማችሁ የት ጋ እንዳለቀ በእጃችሁ ዳብሳችሁ እዩ፤ ያለፉትን ወራት ታሪክ ይነግራችኋል። በአንድ ወገን ብቻ ካለቀ ነፋሱ ሳይሆን የጎማዎቹ አቅጣጫ ተዛብቷልና ማስተካከያ ቤት መውሰድ ይገባል።

ከሁለቱ የከፋው ማነሱ ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል ይዘረጋል፤ ሽቦ ደጋግመው ሲያጣጥፉት እንደሚግል ሁሉ ጎማውም ይግላል። በፍጥነትና በጭነት ላይ ሲሆን ግለቱ ጎማውን ከውስጥ እያላቀቀ ሄዶ በድንገት ሊያፈነዳው ይችላል። «ጎማው ዝም ብሎ ፈነዳ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አይደለም፤ ሳምንታት ሲዘጋጅ የቆየ ነው።

ታዲያ ስንት ይሞላ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር በማየት ነው። እዚያ የሚጻፈው፣ ለምሳሌ 44 ፒኤስአይ፣ ጎማው ሊሸከመው የሚችለው ከፍተኛው መጠን እንጂ መሞላት ያለበት አይደለም። ትክክለኛው ቁጥር በአብዛኞቹ መኪኖች የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሶሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ለአነስተኛ መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ባለው መካከል ነው። ለሙሉ ጭነትና ለሙሉ ተሳፋሪ የተለየ ቁጥር ካለው እሱም እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ወረቀቱ ከጠፋ የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ መመልከት ነው።

የሚለካውም ጎማው ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ነው፤ ይኸውም ጠዋት ከመነሣታችን በፊት፣ ወይም ከቆምን ሦስት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ሲነዳ የቆየ ጎማ ስለሚሞቅ መለኪያው ላይ 4 ፒኤስአይና ከዚያም በላይ ጨምሮ ሊያሳይ ይችላል። የአየሩም ጠባይ ቢሆን 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለዋወጥ ነፋሱን ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ያህል ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ውርጭ ጠዋት ጎማው ዝቅ ብሎ የሚታየን አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወደ ከሚሴ ስንወርድ ይህ ጉዳይ በግልጽ ይታያል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ተነሥተን ብዙም ሳንርቅ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ እንወርዳለን። ከባድ ቁልቁለት ወርዶ የመጣ ጎማ ይግላል። እዚያ ወርደን ስንለካ ከፍ ብሎ ስናገኘው «በዝቷል፣ ይተንፍስ» ማለት ይመጣል። ይህ ስሕተት ነው። ትኩስ ጎማ የተነፈሰ እንደሆነ ማታ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ሆኖ ያድራል፤ በማግስቱም ያንኑ ያነሰ ጎማ ይዘን እንነሣለን። ከቤት ስንወጣ በቅዝቃዜው በትክክል ከሞላን፣ በመንገድ ላይ የሚጨምረውን የጎማው ሠሪዎች አስቀድመው አስበውበታል።

የጎማ ዕድሜ

ጎማ የሚሞተው በማለቅ ብቻ አይደለም፤ በማርጀትም ነው። የጥርሱን ጥልቀት በተመለከተ በብዙ አገሮች ሕግ የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ለማወቅ መለኪያ አያስፈልግም። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ በተወሰነ ርቀት ትናንሽ ጉብታዎች አሉ። የጎማው ፊት ከእነዚያ ጉብታዎች ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል ማለት ነው። የቦዩ ሥራ ውኃን ከመዳፉ ሥር ማስወጣት ስለሆነ፣ ክረምት ሳይገባ በሰኔ መጀመሪያ ማየቱ ይበጃል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ በሐምሌ ዝናብ ላይ በፍጥነት ሲነዳ አስፋልቱን ሳይሆን ውኃውን ረግጦ ይንሳፈፋል፤ ያን ጊዜ መሪውም ፍሬኑም አይታዘዝም።

ዕድሜውን ደግሞ ጎማው ራሱ ይናገራል። በጎኑ ላይ ባለ ሞላላ ምልክት ውስጥ አራት አኀዝ ይገኛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ለምሳሌ 3019 የሚል ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ30ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2011 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የዘመን አቆጣጠሩን ልዩነት ረስቶ «ገና የዘንድሮ ነው» ወይም «የወደፊት ነው» ብሎ የሚደናገር አለና ይህን ልብ ማለት ያሻል። ብዙ ጎማ ሠሪዎች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ጥርሱ ቢኖረውም እንኳ ከአሥር ዓመት በላይ እንዳይነዳበት ይመክራሉ። ጎኑ ላይ ጥቃቅን ስንጥቆች ከታዩ፣ ወይም እንደ እባጭ ያበጠ ቦታ ካለ፣ ዓመቱን መቁጠርም አያስፈልግም፤ መለወጥ ነው። ፀሐይ ላይ ተከምሮ የከረመ ያገለገለ ጎማ በርካሽ ስናገኝ ከዋጋው በፊት እነዚህን አራት አኀዞች እንጠይቅ።

የሠፈራችን ጎሚስታ አንድ ጊዜ ያሉንን አንረሳውም። ጎኑ ላይ የተበሳ ጎማ ይዘን ሄደን «ይጠገንልን» ስንላቸው፣ «ልጆቼ፣ ገንዘቡን እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ጎኑን ጠግኜ ቤተሰብ አላስጭንም» ብለው መለሱን። እውነታቸውን ነው። ጎማ የሚጠገነው መሬት በሚነካው ፊቱ ላይ ሲበሳ ነው፤ ጎኑ ዘወትር የሚታጠፍ ስለሆነ ጥገናው አይጸናም። በፊቱ ላይ የተበሳውም ቢሆን ጎማው ከቸርኬው ወልቆ ከውስጥ በኩል ሲለጠፍ ይሻላል፤ ያን ጊዜ የውስጥ ጉዳት ካለ ይታያልና። ሥራውን እያወቀ «አይሆንም» የሚል ባለሙያ ያገኘ ሰው አይልቀቀው።

ኃይሉ የሚሄድበት መንገድ

ሞተሩ ያመነጨው ኃይል ወደ አራቱ መዳፎች የሚደርሰው በሰንሰለት እንደተያያዙ ሰዎች ተቀባብለውት ነው። ማርሿ በእጅ በሚቀየር መኪና የመጀመሪያው ተቀባይ ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለ፣ ፊቱ ሻካራ የሆነ ክብ ሰሃን ነው። ፔዳሉን ስንረግጠው ሰሃኑ ከሞተሩ ይላቀቃል፤ ስንለቀው ይጣበቃል። ዳገት ላይ ትራፊክ ሲያዝ ፍሬን በመያዝ ፈንታ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ለቆ መኪናዋን ማንሳፈፍ ሰሃኑን እያፋጨ ያቃጥለዋል። እግርን ዘወትር ፔዳሉ ላይ ማሳረፍም እንዲሁ ቀስ በቀስ ይጨርሰዋል። ነዳጅ ስንሰጥ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቷ ግን ካልጨመረ ሰሃኑ መንሸራተት ጀምሯልና ዳገት መሐል ሳይጥለን ጋራዥ መውሰድ ነው። በአውቶማቲክ መኪና ይህን ሥራ የሚሠራው ዘይት ነው፤ ስለዚህ የካምቢዮው ዘይት መጠንና ንጽሕና ለእሱ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ ያለው ካምቢዮ ነው። የካምቢዮ ሥራ ፍጥነትን በጉልበት መለወጥ ነው። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ብዙ ዞሮ ጎማው ጥቂት ይዞራል፤ ፍጥነቱ ያንሳል፣ ጉልበቱ ግን ይበዛል። በአነስተኛ መኪኖች በአንደኛ ማርሽ ላይ የካምቢዮውና የዲፍረንሻሉ ጥርሶች ተባዝተው ሲሰሉ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ 14 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ይህን ቁጥር አስታውሱልን፤ ስለ ማቆም ስንናገር እንፈልገዋለን።

ይኸው ነገር ቁልቁለት ላይም ያገለግላል። በዝቅተኛ ማርሽ ሲወረድ ጎማው ሞተሩን በግድ ማዞር ስላለበት ሞተሩ ራሱ መኪናዋን ይይዛታል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከደሴም ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ የቀድሞ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ለዚህ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፎሌ አድርጎ መውረድ ግን ሸክሙን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይጥለዋል። ሳያቋርጥ የተያዘ ፍሬን ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም እያለ እንደሌለ ይሆናል። ለጥቂት ብር ነዳጅ ብሎ ይህን መሞከር ትርፍ አይደለም።

ኃይሉ ከካምቢዮ ወጥቶ በዲፍረንሻል በኩል ወደ ሁለት ጎማዎች ይከፈላል። እንደኛ ኮሮላ ባሉ አሮጌ መኪኖች በረጅም ዘንግ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ እንደ ቪትዝ ባሉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚያው ፊት ይቀራል። ዲፍረንሻል ያስፈለገው መኪና ስትታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ነው። ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል። ነገር ግን ይህ ደግነቱ ጣጣ አለው። አንደኛው ጎማ ጭቃ ውስጥ ከገባ ወይም ከመሬት ከተነሣ፣ ዲፍረንሻሉ ዙሩን ሁሉ ለእሱ ይሰጥና መሬት የያዘው ጎማ ቆሞ ይቀራል። ይህንንም አስታውሱልን።

ከዚህ የሚቀረው ጆሮ መስጠት ነው። የፊት ጎማዎቿ በሚነዱ መኪና ላይ መሪ ጥግ ድረስ ዞሮ ስትሄድ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ጎማውን የሚያዞረው ሴሚያስ መጋጠሚያው እያለቀ ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው የመጋጠሚያው የላስቲክ ሽፋን ተቀዶ ግራሱ መውጣቱና አቧራ መግባቱ ነው። ሽፋኑ በጊዜ ሲለወጥ ወጪው ቀላል ነው፤ ሲቆይ ግን ሴሚያሱ በሙሉ ይሄዳል። በኋላ ጎማ በምትነዳ መኪና ደግሞ ማርሽ ሲገባ «ጓ» የሚል ምት ከተሰማ መካኒኮች ክሮቼራ የሚሉት የዘንጉ መጋጠሚያ መታየት አለበት። መኪናዋ ያደረችበት መሬት ላይ የዘይት ጠብታ መኖሩን ጠዋት ጠዋት መመልከትም ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላ

መኪና አደጋ የምታደርሰው ስትሄድ ብቻ ይመስለናል። በእኛ ሠፈር ያሳሰበን ግን የቆመች መኪና ናት።

አንድ የግንቦት ቀን፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ሽንኩርት የጫነች የአንድ ጎረቤታችን ፒክአፕ ከበላያችን ካለው ሱቅ ደጅ ቆማ ነበር። ባለቤቷ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ማርሹን ፎሌ ላይ ትቶ ዕቃ ሊያወርድ ገብቷል። የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ላልቶ ኖሮ፣ መኪናዋ ቀስ ብላ ጀመረች፤ ከዚያም እየፈጠነች ቁልቁል መጣች። ልጆች ከመድረሳ የሚመለሱበት ሰዓት ነበር። አንዲት እናት ጮኻ ልጆቹ ወደ ዳር ሸሹ፤ ፒክአፗም የግቢያችንን የድንጋይ አጥር ማዕዘን ገጭታ ቆመች። አጥሩ ፈረሰ፤ ከሰው ግን የተነካ አልነበረም፤ አልሐምዱሊላህ። ጎረቤታችን እየሮጠ መጥቶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ሐጃ፣ የአላህ ቀደር ነው እንግዲህ» አላቸው እናታችንን። እናታችንም፣ «ቀደሩንስ አምነናል ልጄ፤ ግመሉን ግን አላሰርከውም» አሉት። ሌላ ነገር አልተናገሩም። በማግስቱ አጥሩን አሠራ፤ አናጺ ዘንድ ሄዶም ሁለት የእንጨት ታኮ አስጠረበ።

ታዲያ መኪና እንዴት ትታሰራለች? በእኛ ግቢ የምንከተለው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ማርሽ በእጅ በሚቀየረው፣ የእግር ፍሬን እንደተያዘ የእጅ ፍሬን መሳብ፤ ማርሹን ፎሌ አድርጎ የእግር ፍሬኑን ቀስ ብሎ በመልቀቅ የእጅ ፍሬኑ ብቻውን መያዙን ማየት፤ ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ማርሽ ማስገባት። ፊቷ ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ፣ ወደ ቁልቁለት ከሆነ የኋላ ማርሽ። ቀደም ብለን ያልነው 14 እዚህ ላይ ይሠራል። መኪናዋ ለመንሸራተት ጎማዋ አንድ ጊዜ እንዲዞር የጠፋውን ሞተር 14 ጊዜ ገደማ ማዞር አለባት፤ በሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚጨመቀው አየርም ይቃወማታል። ይሁንና ያ አየር ቀስ በቀስ ሊያመልጥ ስለሚችል ማርሽ የእጅ ፍሬን ረዳት እንጂ ምትኩ አይደለም።

በአውቶማቲኳ ደግሞ «ፒ» ላይ ስናደርጋት የሚይዛት የጣት ያህል የሆነች የብረት ጥርስ ናት። ብዙ ሰው መጀመሪያ «ፒ» ያስገባና እግሩን ይለቃል፤ መኪናዋም ክብደቷን ሁሉ በዚያች ጥርስ ላይ ትጥላለች። ስንነሣ «ጓ» ብላ የምትላቀቀው ለዚህ ነው። መጀመሪያ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ መኪናዋን በእሱ ላይ አሳርፎ፣ በመጨረሻ «ፒ» ማስገባት ጥርሷን ያሳርፋታል። በሌላ ማርሽ ላይ ትቶ ሞተሩን ማጥፋት ግን በአውቶማቲክ መኪና ምንም አይይዝም፤ ዘይቱ ሞተሩ ካልዞረ ኃይል አያስተላልፍምና።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በየሠፈሩ በዝተዋል። እነዚህ ፍሪሲዮን የላቸውም፤ አብዛኞቹም የሚቀያየር ማርሽ የላቸውም። ሲቆሙ የሚይዛቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራው የማቆሚያ ፍሬን፣ በብዙዎቹም ላይ ያችው የብረት ጥርስ ናት። ስለዚህ ቁልፉን ተጭኖ ዘሎ ከመውረድ በፊት ምልክቱ በእርግጥ መብራቱን ማየት ያስፈልጋል። ባትሪያቸው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ስለሚመዝን ጎማቸውም ቶሎ ያልቃል፤ ሲለወጥም ክብደቱን የሚሸከም ዓይነት መሆን አለበት።

መሪውንም ማዞር እንዳንረሳ። እኛ አገር በቀኝ ስለምንነዳ፣ በመንገዱ ቀኝ ዳር ቁልቁል ስንቆም የፊት ጎማዎቹን ወደ ቀኝ፣ ማለትም ወደ እግረኛው መንገድ ጠርዝ ማዞር ነው። ሽቅብ ስንቆም ጠርዝ ካለ ወደ ግራ እናዞራለን፤ ወደ ኋላ ብትንሸራተት ጎማው ጠርዙን ተደግፎ ይቆማል። ጠርዝ ከሌለ በሁለቱም ጊዜ ወደ ቀኝ፤ ብትንሸራተት ወደ መንገዱ መሐል እንዳትገባ ነው። በዚህ ላይ ታኮ ከተጨመረበት መኪናዋ ታስራለች።

ክሪክ ከማስገባት በፊት

ጎማ ስንቀይር ሁለተኛው አስታውሱ ያልነው ነገር ይመጣል። ኃይል የሚቀበለው ጎማ በክሪክ ከመሬት ሲነሣ፣ ዲፍረንሻሉ ለእሱ ዙሩን ስለሚለቅለት፣ የገባው ማርሽ ወይም «ፒ» መኪናዋን መያዙን ያቆማል። «ማርሽ አስገብቻለሁ» ብሎ የተማመነ ሰው በዚህ ጊዜ መኪናዋ ከክሪኩ ላይ ልትወድቅበት ትችላለች። ስለሆነም ሜዳ የሆነ ጠንካራ መሬት መፈለግ፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ከሚነሣው ጎማ ተቃራኒ ባለው ጎማ ላይ በፊትም በኋላም ታኮ ማድረግ፣ ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ ከመንገዱ እንዲርቅ ማድረግ ግዴታ ነው። ብሎኖቹ ገና ጎማው መሬት ላይ ሳለ በትንሹ ይላሉ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር እጅም እግርም አይገባም። አዲሱ ጎማ ሲታሰር ብሎኖቹ በዙሪያው ተራ በተራ ሳይሆን በተቃራኒ እየተዘዋወሩ ይጠብቃሉ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላም እንደገና ይታያሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ስኮርታ የምንለው መጠባበቂያ ጎማ ነፋስ ካለው ነው። በየወሩ አምስት ጎማ እንጂ አራት ጎማ አንለካም።

የመንገዱ ሐቅ

በረጅም መንገድ ላይ የምናየው አንድ መጥፎ ልማድ አለ። መኪና ሲበላሽ ከዳር ድንጋይ ለቅሞ ጎማ ሥር ማድረግ ተገቢ ነው። ተሠርቶ ሲነሣ ግን ድንጋዩን አስፋልት ላይ ትቶ መሄድ ለሚቀጥለው መንገደኛ ወጥመድ ማስቀመጥ ነው። ሌሊት የሚመጣ ሞተር ሳይክል ወይም ሚኒባስ አያየውም። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገርን ማንሣት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ከልጅነታችን ተምረናል፤ ራሳችን ያስቀመጥነውን ማንሣትማ እንዴት አይብስ! የእንጨት ታኮ ከመኪናዋ ጋር የሚዞር ስለሆነ ከዚህ ያድነናል። ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ምልክትም ከስኮርታው አጠገብ ቦታው ይኑር።

ጁሙዓ ቀን በየመስጊዳችን ዙሪያ የሚሆነውም ከዚሁ ይቆጠራል። ኹጥባው እንዳያመልጠን ስንቸኩል የሰው በር ዘግተን፣ በቆመ መኪና ላይ ደርበን፣ የእግረኛውን መንገድ ይዘን እንገባለን። በዚያች ሰዓት ከተዘጋው በር ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ብትኖርስ? ሩብ ሰዓት ቀድሞ መነሣት፣ ወይም ራቅ አድርጎ አቁሞ በእግር መምጣት ይሻላል። ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ስናቆም ደግሞ የኋላችንን አስገብተን ፊታችንን ወደ መውጫው ብናደርግ፣ ሲወጣ ሕፃናት በበዙበት መሐል ወደ ኋላ ከመንዳት እንድናለን።

ከሁሉ በላይ ግን ልጆቻችን። ከግቢ ከመውጣታችን በፊት አንድ ጊዜ መኪናዋን መዞር በእኛ ቤት የማይታለፍ ሕግ ነው። ከኋላ መስተዋት በታች የሚሆን ትንሽ ልጅ ከሾፌሩ ወንበር አይታይም። ስንዞር ጎማዎቹን በዓይን እናያለን፣ ከሥር የተኛ ልጅም ሆነ ድመት አለመኖሩን እናረጋግጣለን፣ «ቢስሚላህ» ብለን እንገባለን። ሕፃንን ተቆልፎ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ «ለአንድ ደቂቃ» ብሎ መተው፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ ማሞቅ፣ ቁልፍ ልጆች በሚደርሱበት ማስቀመጥ፣ እነዚህ ሦስቱ በግቢያችን ፈጽሞ የተከለከሉ ናቸው። የጭሱ መርዝ ሽታም ቀለምም የለውምና።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚያስፈልገው የነፋስ መለኪያ፣ ሁለት ታኮ፣ አሮጌ ጨርቅና በወር ግማሽ ሰዓት ነው። በእኛ ቤት መለኪያውን የምትይዘው የታላቅ ወንድማችን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ቁጥሩን በደብተር ትመዘግባለች፤ ያነሰውን ጎማ ለአባቷ ትናገራለች፤ አባቷም «በኋላ» ቢላት እሺ አትልም። መንጃ ፈቃድ የምታወጣበት ዕድሜ እስኪደርስ ድረስ መኪና ምን እንደሆነች ታውቃለች፤ ያም ከመንዳት ይቀድማል። እናንተም በሚመጣው ቅዳሜ፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ ልጆቻችሁን ጠርታችሁ አንዱን ጎማ አብራችሁ ለኩ።

አላህ የሰጠንን አማና የምንጠብቅ፣ መንገደኛውንም የማናስቸግር ያድርገን። አሚን።